በሻንጣ የላክሁት የስኳር መለኪያ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በዋይንድሃም ቬል፣ ሜልቦርን የቀረበ ንግግር)

ከዳንደኖንግም ከጂሎንግም መኪና ነድታችሁ ለመጣችሁ፣ ጓዳ ውስጥ ምግብ እያሰናዱ በድምፅ ብቻ ለሚሰሙኝ እህቶቼም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ኮሚቴው ስለ ስኳር በሽታ እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ያዘጋጀሁት በሥራ ቦታ የምንሰጠውን ዓይነት ትምህርት ነበር። የቆሽት ሥዕል ያለበት፣ አትክልት ብሉ፣ በእግራችሁ ሂዱ የሚል። እሱን ጂፒያችሁ ደጋግሞ ነግሯችኋል። ስለዚህ ትቼው ዛሬ የመጣሁት የራሴን ጥፋት ልነግራችሁ ነው። የነርሲንግ ዲግሪዬን የተማርሁት እዚሁ ሜልቦርን ነው፤ በሙያው ከ15 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ጥፋቱን የሠራሁት ይህን ሁሉ ይዤ ነው።

ደባርቅ ያሉት አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ነጋዴ ነበሩ። ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ስምንት ዓመት ሆነ። በክኒን ጀመሩ፤ ቆይቶ ማታ ማታ የሚወጋ ኢንሱሊን ተጨመረላቸው። በወር አንድ ጊዜ ይለካሉ፤ 190፣ 220፣ አንዳንዴም 250 ይሆናል። ቤተሰቡ የያዘው ትምህርት አንድ ብቻ ነበር፤ «ከ200 አይለፍ» የሚል።

ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ዘመድ አገኘሁና መለኪያ ገዝቼ፣ 50 50 ስትሪፕ የያዙ ሁለት ፓኬቶች ጨምሬ በሻንጣው ላክሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ነርስ ልጃቸው ከሜልቦርን ሆና አባቷን ልትከታተል ነው፤ ከዚህ በላይ ምን አለ?

መለኪያው ደረሰ። ያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የነበረው የታላቅ እህቴ ልጅ አጠቃቀሙን ከስልክ ላይ አይቶ ተማረ። የአያቱን ጣት ወግቶ ሲለካ 13 አለ። ከ220 ወደ 13! ቤቱ እልል አለ። ወዲያው ደወሉልኝ። «የላክሽው ማሽን እጁ ይባረክ፣ አባባ ወረደላቸው» አሉኝ። ለሌሊት ፈረቃ እየተጣደፍሁ ነበርና «ተመስገን» ብዬ ዘጋሁ። «ስንት ሆነ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ነርስ ነኝ፤ ታማሚ ፊት ቀርቤ ሌላ ነገር ሳልናገር መጀመሪያ የምጠይቀው ቁጥር ነው። የአባቴን ግን አልጠየቅሁም።

እናንተ መካከል ያወቃችሁ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ላላወቃችሁ ልንገራችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ የሚሸጥ መለኪያ የደም ስኳርን የሚያሳየው በሚሊሞል በሊትር ነው። አገር ቤት የሚነገረውና በካርድ ላይ የሚጻፈው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። የእኛን ወደ እነሱ ለመለወጥ በ18 ማባዛት ነው። 13 ማለት 234 ነው። አባቴ በንግድ ዘመናቸው ኪሎና ኩንታል አምታተው አያውቁም። እኔ ልጃቸው በኪሎ ለሚቆጥር ቤት የኩንታል ሚዛን ልኬ፣ ሚዛኑ የኩንታል ነው ሳልል ቀረሁ።

እዚያ ቤት በዚያ ሳምንት ጸበል ጻዲቅ ተዘጋጀ፤ ጎረቤት ተጠራ። አባቴም መርፌውን ተዉ። «የወጋሁት ከፍ ስላለ ነው፤ ከወረደ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። ልክ ናቸው እኮ። በያዙት ቁጥር የሚያስብ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ሁለት ወር ተቆጠረ። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ዋይንድሃም ቬል ጣቢያ ከባቡር ወርጄ ስልኬን ስከፍት፣ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም የመለኪያውን ስክሪን ፎቶ ልኮልኛል። 18.4 ይላል። ከሥሩ «አክስቴ፣ ትንሽ ጨመረ፣ ግን አሁንም በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ጽፏል። ቁጥሩን በ18 አባዛሁት። 331። ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሲሄድ እኔ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አልሁ። ደባርቅ ገና ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ደወልሁ። እህቴን ስጨቀጭቃት ያልተነገረኝ ሁሉ ወጣ። መርፌው ከቆመ ሁለት ወሩ ነው። ግራ እግራቸው ላይም ቁስል አለ፤ የጫማ ምስማር ወግቷቸው ኖሮ ለቀናት አላወቁትም። «ለምን አልነገራችሁኝም?» ስላት «እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አለችኝ።

ስኳሩ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ደም ስሩንም ያጠባል። ምስማር ሲወጋ አይሰማም፤ ሲቆስልም ቶሎ አይድንም። አባቴ በመጨረሻ ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አሉ፤ በምርኩዝ ይሄዳሉ።

በካርዳቸው ላይ የተጻፈው ሁለት ጣት ብቻ ነው። የቀረውን ሒሳብ ግን እኔ አውቀዋለሁ። ጎንደር ለአምስት ሳምንት ያስታመመቻቸው እህቴ ናት፤ ሻይ ቤቷን ዘግታ። ስትመለስ ደንበኞቿ ሌላ ቤት ለምደዋል፤ የቤት ኪራዩ ግን ሲቆጠር ነበር። ስንቅና ልብስ የሚያመላልሰው ልጅ፣ በደባርቅና በጎንደር መካከል ያለውን 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት እንጃ፤ የዚያን ዓመት ክፍሉን ደገመ። እናቴ ብቻቸውን ማደር የጀመሩት ያኔ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለእኔ ሳይናገር የተበደረውን ገንዘብ የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። በሽታው የገባው በአንድ ሰው ደም ውስጥ ነበር፤ ያነከሰው ግን ቤቱ በሙሉ ነው።

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚል ነገር አሁንም እሰማለሁ። እኛ አገር እውነቱ ሌላ ነው፤ ይህን ያሳዩን ደግሞ የራሳችን ሰዎች ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጭንና ድሃ ሰዎች መሆናቸውን፣ ወንዶች እንደሚበዙባቸውም አሳይተዋል። ጥያቄያቸው «ይህ ሕመም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ይሆን?» የሚል ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ስኳር ያለበት ገበሬ ወፍራም አይደለም፤ ጠግቦ ያደገም አይደለም። ሲከሳ፣ ውኃ ሲጠማው፣ ሌሊት ለሽንት ሲመላለስ ሰው ሌላ ሌላ በሽታ ነው የሚገምትለት።

እዚያው ጎንደር አካባቢ ሌላም የተሠራ ነገር አለ፤ እንደ ነርስ የምኮራበት። ሕመምተኛው ለክትትል ሆስፒታል ድረስ ቀናት ከሚጓዝ ተብሎ፣ ክትትሉ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወርዶ ነርሶች ሠልጥነው እንዲሠሩት ተደርጓል። ጅማ አካባቢም እንዲሁ። ሥራው ትልቅ ማሽን አልፈለገም። የሠለጠነ ሰው፣ መዝገብ፣ የማይቋረጥ መድኃኒት ነው የፈለገው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እኛ ወደ ሜልቦርኖቹ ልምጣ። እዚህ ስትሪፕ አለ፤ ኢንሱሊን አለ፤ ጂፒ አለ። በኤንዲኤስኤስ መመዝገብ ነጻ ነው፤ ስትሪፑም በድጎማ ይገኛል። ሆኖም ቤታችን ውስጥ ያለው ዝምታ ከደባርቁ አያንስም።

አንድ ወንድማችን አለ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ። ታክሲ ይነዳል። ኢንሱሊን ሲጀምር ለሚስቱ አልነገረም፤ መርፌውን መኪናው ውስጥ ደብቆ ይወጋል፤ በበጋ 40 ዲግሪ በሆነ ቀን ሳይቀር። እንዲህ የጋለ ኢንሱሊን ኃይሉን ያጣል። የደበቀበት ምክንያት መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብሎ ነው። ሚስቱ ደግሞ (እዚህ ላይ የልጆችን ጆሮ ያዙልኝ) ባሏ ከአልጋ እየራቃት ሄደ። ሌላ ሴት አለችው ብላ ደመደመች። ከዓመት በላይ ተጨቃጨቁ፤ ሽማግሌ ገባ፤ ሽማግሌዎቹም ስለ ጠባይ መከሩ። ስኳር የወንድን አቅም እንደሚነካ፣ ሕክምናም እንዳለው አንድም ሰው አላነሳም። ትዳሩ የተረፈው መርፌውን መኪና ውስጥ አግኝታ አፋጥጣ ስለጠየቀችው ነው።

ሕጉን ልንገራችሁ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሹፌር ለመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታው ነው። ማሳወቅ ግን መነጠቅ ማለት አይደለም። የሐኪም ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ለንግድ መኪና ጠበቅ ይላል፤ ክትትሉን የያዘ ሰው ይነዳል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መሪ ከመያዙ በፊት ይለካ፤ ከ5 በላይ ካልሆነ አይነሣ። በእዚህ አገር ቁጥር ነው የምላችሁ፤ እንደገና እንዳንሳሳት።

ስለ ዝቅተኛ ስኳርም ሁሉም የቤት ሰው ይወቅ፤ ልጆችም ጭምር። ከ4 በታች፣ በአገር ቤቱ ከ70 ገደማ በታች ሲሆን ሰውየው ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሩ ይዛባል፤ ያለምክንያት ይቆጣል። ሰክሯል የሚባልበት ጊዜ አለ። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ፣ ወይም ግማሽ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ ስጡት። ዳይት የሚባለው አይሆንም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታድርጉ፤ እዚህ 000 ደውሉ፤ አገር ቤት ወደ ቅርቡ ሆስፒታል አድርሱት።

ገበታችንን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልበል። የጤፍ እንጀራ ስኳር የለውም የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ አሰር አለው፤ ብረት አለው። ነገር ግን እንጀራ በሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል፤ ሩዝና የዳቦ ዱቄት የተቀላቀለበት የሜልቦርን እንጀራማ ይብሳል። መፍትሔው ታዲያ ለታማሚው ለብቻው ጎመን ቀቅሎ ከትሪው ማባረር አይደለም። ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ። አባወራው ጥግ ይዞ በትንሽ ሳህን ይበላል፤ ሌላው በትሪ ዙሪያ ይሳሳቃል። በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው ተመልሶ ትሪው ላይ ነው፤ ማን ይፈርድበታል? ትሪውን ለሁሉም ለውጡት። ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ሰላጣው ይብዛ፤ የሚደረበው እንጀራ ይቀነስ። ጉርሻውም ይቅለል፤ እንቢ ማለት ነውር በሆነበት ባህል ጉርሻ ማንም የማይቆጥረው ምግብ ነው። ከእናንተ ቤት ልጆችም ነገ ይህ በሽታ የሚያሰጋቸው ይኖራሉ።

ጾምን ደግሞ ካላነሣሁ እናቶቻችን አይለቁኝም። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርዱ አንዳንድ ክኒኖችን የሚወስድ ሰው እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ከቆየ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ከጾሙ በፊት የነፍስ አባታችሁንም ሐኪማችሁንም አነጋግሩ። ጸበል ለሚሄዱም እንዲሁ ነው የምለው፤ ጸበሉን ጠጡ፣ መርፌውን አትተዉ።

ሌላው፣ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ የአባቷ ኩላሊት እየደከመ መሆኑን በሁለት ቋንቋ መስማት የለባትም። በ131 450 የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ይገኛል። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ» በሉ፤ እናንተን ገንዘብ አያስከፍላችሁም።

ወደ ሻንጣው ልመለስ። ብዙዎቻችን የምንልክ ነን። መጀመሪያ ሕጉን እወቁ። በሜዲኬር ድጎማ የተገዛን መድኃኒት ለሌላ ሰው ብሎ ከአውስትራሊያ መላክ ሕገ ወጥ ነው። በኤንዲኤስኤስ የምታገኙት ስትሪፕም ለተመዘገበው ሰው ብቻ ነው። ለራሱ መርፌ ይዞ የሚጓዝ ሰው ኢንሱሊኑን በእጁ ቦርሳ ይያዝ፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ደግሞ ይጣላል። አገር ቤት ፍሪጅ ከሌለ፣ ወይም መብራት እየጠፋ ካስቸገረ፣ በእርጥብ አሸዋ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ጥላ ውስጥ ሲሆን ቅዝቃዜ ይይዛል፤ ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካው በደንብ ይሸፈን። እናቴ ወጥ በሚሠሩበት ምድጃ አጠገብ ነበር የሚያስቀምጡት። ማንም ሌላ ቦታ ንገሩኝ ብሎ አልጠየቀ፤ ማንም አልነገራቸው።

መለኪያ ልትልኩ ካሰባችሁ፣ እዚያው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ስትሪፑ የሚገኝለትን ዓይነት መጀመሪያ ጠይቁ፤ ገንዘቡን ላኩና እዚያው ይገዛ። ያኔ ቁጥሩም በሚሊግራም ይሆናል። የእኔ መለኪያ 100 ስትሪፑ ካለቀ በኋላ የልጆች መጫወቻ ሆኖ ነው የቀረው፤ ለእሱ የሚሆን ስትሪፕ ደባርቅም ጎንደርም ፈልገን አጣን። ላልቻላችሁና ቀድማችሁ ለላካችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውሉና በ18 እንዲያባዙ ንገሯቸው። የእህቴ ልጅ፣ አሁን 11ኛ ክፍል ነው፣ ሠንጠረዡን ከ3 እስከ 25 ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። የማኅበሩን ጸሐፊ ጠይቁ፤ ፎቶውን ይልክላችኋል።

ስትደውሉም «ደህና ናቸው?» ብቻ አትበሉ። «ደህና ነን» ነው መልሱ፤ ምንም ይሁን። «ስንት ሆነ? ቁርስ ሳይበሉ ነው ወይስ በልተው? መርፌው ለስንት ቀን ይበቃል?» በሉ። በቪዲዮ ከሆነ ካልሲ አስወልቁና የእግራቸውን መዳፍና የጣቶቻቸውን መካከል አሳዩኝ በሉ። አባቴ መጀመሪያ አፍረው ነበር። አሁን እሑድ ሲደወል እግራቸውን ታጥበው ነው የሚጠብቁኝ።

ለማኅበራችን ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። እስካሁን የላክናቸው ነገሮች መልካም ናቸው፤ አልጋው፣ ዊልቸሩ፣ ኮምፒዩተሩ። ሁሉም ግን አንድ ጊዜ ተልኮ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚያልቅ ነው። ስኳር በየቀኑ ነው። የጤና መድን ደብተር ያለው ሰው ሳይቀር መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ካለቀ ከግል ፋርማሲ በኪሱ ይገዛል። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ገንዘብ ያለውም አያገኝም። ስለዚህ ዓመታዊ በጀታችን ውስጥ አንድ ትንሽ መስመር ትከፈት። ከጤና ባለሙያዎቹ ጋር ተማክረን፣ እነሱ በሚመርጡት መለኪያ፣ ለተመዘገቡ ሕሙማን ስትሪፕና ሲሪንጅ በየወሩ እንዲገዛ። መንገድ ቢዘጋ የሚያደርስ የአንድ ወር መጠባበቂያ እንዲኖር። የሕሙማኑ ቤተሰቦችም፣ መርፌ የሚወጋው ልጅ፣ ወጥ የምትሠራዋ እናት፣ በወር አንድ ጊዜ አብረው እንዲማሩ። በወር 10 ዶላር ነው የምጠይቃችሁ፤ እዚህ ቡና ከነኬኩ ማለት ነው። ነገር ግን ለሦስት ዓመት ቃል ካልገባችሁ አትጀምሩ። ስድስት ወር ሰጥተን የምናቆም ከሆነ ሰውየው የለመደውን ነገር ነጥቀን ነው የምንተወው፤ ያ ካለመጀመር ይከፋል። በዚህ ነጥብ ኮሚቴው ውስጥ የማይስማሙ አሉ፤ ቶሎ እንጀምር ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ውይይት አለ፤ እዚያ እንከራከር።

ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ቡናው አጠገብ፣ ጠረጴዛ ይዘናል። ሌላ ነርስ እህታችንም አብራኝ አለች። መለካት የምትፈልጉ ኑ፤ ቁርስ የበላችሁም ብትሆኑ ግድ የለም፣ መብላታችሁን ብቻ ንገሩን። ለአገር ቤት የገዛችሁት መለኪያ ቦርሳችሁ ውስጥ ካለም ይዛችሁ ኑ፤ ከቁጥሩ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አብረን እናነባለን።